ሁለት የመሃል ስም ይበዛባት ይሆን?

ደብዳቤው

ሰላም ለአዘጋጁ። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ሴት ልጅ ነው የምንጠብቀው። መጠሪያ ስሟ ላይ ከባለቤቴ ጋር ተስማምተናል። ያጋጨን በመጠሪያዋና በቤተሰብ ስሟ መካከል የሚገባው የመሃል ስሟ ነው። የባለቤቴ እናት ባለፈው ዓመት አርፈዋል፤ ልጅቷ የእሳቸውን ስም በመሃል ስምነት እንድትይዝ ይፈልጋል። እኔን ደግሞ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ ለእኔ እናቴ ማለት እሷ ናት። ሴት ልጅ ከወለድኩ ስሟን እንደምሰጣት ከድሮ ጀምሮ አስብ ነበር። «እንግዲያው ሁለቱንም እናድርጋቸው» አልኩት። እሱ ግን «የእናቴ ስም ከሌላ ጋር ከተደረበ ምን ዋጋ አለው?» አለኝ። ይባስ ብሎ የባለቤቴ እህት የራሷን ምርጫ ይዛ መጣች። «ሁለት ከሆነ ሦስትስ ቢሆን ምናለበት?» ትላለች። የአምስት ዓመት ወንድ ልጅም አለን፤ የእሱ የመሃል ስም አንድ ብቻ ነው። ነገ «ለእሷ ለምን ሁለት?» ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? ሁለት የመሃል ስም ፓስፖርት ላይና ትምህርት ቤት ጣጣ ያመጣል የሚሉኝም አሉ። እውነት ነው? አክስቴ እስካሁን ምንም አታውቅም። ከመውለዴ በፊት ልንገራት ወይስ ልቆይ?

ግራ የገባት እናት

መልሱ

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ፤ በሰላም ተገላገዪ።

ልብሽን እንዳላንጠለጥለው መልሴን ላስቀድም። ሁለት የመሃል ስም አይበዛባትም፤ የምትኖሩበት አገር ሕግ ከፈቀደ ስጧት። ሦስተኛውን ግን እምቢ በሉ። የወረቀቱ ጣጣ ከሚወራው ያነሰ ነው፣ እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ባለቤትሽ እናውራ።

ነገሩ የስም ብዛት አይመስለኝም። ሰውየው እናቱን ካጣ ገና ዓመቱ ነው። «ከሌላ ጋር ከተደረበ ምን ዋጋ አለው?» ሲልሽ የአክስትሽን ስም መናቁ አይደለም። እናቱ ተረስተው እንዳይቀሩ ፈርቷል። አንቺ «ሁለቱንም እናድርጋቸው» ስትዪ መላ ያመጣሽ መስሎሻል፣ ደግሞም መላ ነው። እሱ የሰማው ግን «የእናትህን ቦታ ለሁለት እንክፈለው» የሚል ነው። ሐዘን ላይ ያለ ሰው እንዲህ ነው የሚሰማው፤ አትፍረጂበት።

ስለዚህ ስሙን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉትና ስለ እናቱ አውሩ። ልጅቷ ስለ አያቷ ምን እንድታውቅ ነው የሚፈልገው? ምን ሲያደርጉ፣ ምን ሲሉ፣ በምን ሲስቁ ነው የሚያስታውሳቸው? አንድ ማታ ይበቃል። ጠይቂውና ዝም ብለሽ አዳምጪው። የአክስትሽን ነገር በዚያች ሰዓት አታንሺ። ሰው የእናቱ ነገር እንደማይጠፋ ሲያምን ስለ ቦታ የሚያደርገው ክርክር ይላላል።

ከዚያ በኋላ በሌላ ቀን የአንቺን ተራ ውሰጂ። የአንቺም ጉዳይ ቀላል አይደለም። ያሳደገ ሰው እናት ነው፤ ወረቀት ላይ ግን «አክስት» ተብሎ ይቀራል። ልጅሽ የአክስትሽን ስም ብትይዝ ያንን ጉድለት የሚሞላ አንድ ነገር ይኖራል። ይህንን ለባለቤትሽ እንደ መብት ጥያቄ ሳይሆን እንዳለ ንገሪው። «አንተም ያንተን አግኝተሃል፣ እኔም የእኔን» የሚል ሒሳብ ውስጥ አትግቡ። በእኩል ድርሻ ሒሳብ የተሰጠ ስም ልጅቷ ካደገች በኋላም ሒሳብ ሆኖ ይቀጥላል።

ሁለት ወገን ለማስደሰት ሲባል ስም ላይ መደራደር የት እንደሚያደርስ ለማየት አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። የአሜሪካ 33ኛ ፕሬዚዳንት ሃሪ ኤስ ትሩማን የተወለዱት በ1884 እ.ኤ.አ. ነው። የአባታቸው አባት አንደርሰን ሺፕ ትሩማን፣ የእናታቸው አባት ደግሞ ሰለሞን ያንግ ይባሉ ነበር። ሺፕም ሰለሞንም በእንግሊዝኛ ሲጻፉ በአንድ ፊደል ነው የሚጀምሩት። ወላጆቹ ከሁለቱ አያቶች አንዱን ከመምረጥ ይልቅ ፊደሏን ብቻ ወስደው በመሃል ስም ቦታ አስቀመጧት። ስለዚህ «ኤስ» የምንም ስም ምህጻር አይደለችም። ሁለቱም አያት የእኔ ናት ማለት ይችሉ ነበር፣ የማንም ግን አልነበረችም። እስከ ዛሬም ከፊደሏ በኋላ ነጥብ ይደረግ አይደረግ እያሉ የሚከራከሩ አሉ። እናንተ ከዚህ የተሻለ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ሁለት ሙሉ ስም፣ የሁለት ሙሉ ሰው።

ግን አንድ ነገር ከወዲሁ ልንገርሽ። ከመሃል ስሞች አንዱ መደበቁ አይቀርም። ብዙ ቅጾች ለመሃል ስም የሚሰጡት አንድ ሳጥን ነው፣ አንዳንዶቹ እንዲያውም የአንድ ፊደል ቦታ ብቻ ነው ያላቸው። እዚያች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው የመጀመሪያው የመሃል ስም ፊደል ነው። ሁለተኛው በልደት ምስክር ወረቀትና በፓስፖርት ላይ ይኖራል፣ በቀን ተቀን ወረቀት ላይ ግን ብዙም አይታይም። ሁለት የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች የወጡበትን የቡሽን ቤተሰብ ተመልከቺ። አባትየው ጆርጅ ኸርበርት ዎከር ቡሽ ናቸው፤ ሁለት የመሃል ስም ነበራቸው። ሙሉው ስም የተወሰደው ከእናታቸው አባት ከጆርጅ ኸርበርት ዎከር ነው። ልጃቸው ሲወለድ ጆርጅ ዎከር ቡሽ ተባለ። ኸርበርት በአንድ ትውልድ ወደቀ።

እንግዲህ ጥያቄው ማን ይቅደም ነው። በእኔ እይታ የባለቤትሽ እናት ይቅደሙ። ምክንያቴ ቀላል ነው። አክስትሽ በሕይወት አሉ። ልጅቷን ያቅፏታል፣ ድምፃቸውን ታውቀዋለች፣ ስማቸው ቤት ውስጥ ሲጠራ እየሰማች ታድጋለች። አያትየዋ ግን ለእሷ ከስምና ከወሬ በቀር ምንም አይሆኑላትም። ስለዚህ በወረቀት ላይ ጎልቶ የሚታየው ቦታ ለእሳቸው ቢሆን ደግ ነው። ባለቤትሽም «ከሌላ ጋር ተደረበ» የሚለው ስሜት ይቀልለታል። አንቺ ይህንን ለቅቀሽ ስትሰጪው ደግሞ ያየዋል፣ ሰው ነውና።

ቅደም ተከተሉን በጆሮም ሞክሩት። ሙሉ ስሟን ከመጠሪያው እስከ ቤተሰብ ስሙ ድረስ ጮክ ብላችሁ ጥሩት። በተቆጣችሁ ጊዜ እንደምትጠሯት አድርጋችሁም ሞክሩት፣ ዋናው ፈተና እሱ ነው። አንዱ ስም የሚያልቅበት ድምፅ ሌላው የሚጀምርበት ከሆነ ምላስ ይጋጫል። ሦስት ረጃጅም ስም ከተደረደረም ያደክማል። የመጀመሪያ ፊደሎቹን ደግሞ አንድ ላይ ጽፋችሁ እዩ፤ የሚያሳፍር ቃል ካወጡ ልጆች ከእናንተ ቀድመው ያገኙታል። ጆሮ የማይቀበለው ከሆነ ከላይ ያልኩትን ትተሽ አገላብጪው። እኔ ስሞቹን አላውቃቸውም፣ እናንተ ናችሁ የምትጠሯት።

አሁን ወደ ሕጉ። የምትኖሩበትን አገር አልጻፍሽልኝም፤ ነገሩ ደግሞ በአገሩ ይወሰናል። እንግሊዝ ውስጥ የስም ብዛት በሕግ አልተገደበም። ስፔን ግን ከሁለት ነጠላ ስም በላይ አይመዘገብም፤ እዚያ ከሆናችሁ አንድ መጠሪያና ሁለት የመሃል ስም አብረው አይሄዱም። አይስላንድ መጠሪያውንና የመሃል ስሙን ደምራ ከሦስት አታሳልፍም። ፊንላንድ ቀድሞ ሦስት ነበር የምትፈቅደው፤ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አራት አድርጋዋለች። ጀርመን ውስጥ አንዲት እናት ለልጇ 12 ስም ልትሰጥ ፈልጋ ክርክሩ እስከ ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ ስሞቹ በአምስት መወሰናቸውን አጸና፤ የስም መብዛት ልጁን ራሱን ይጎዳል በሚል። 12 ስም! ያንቺ አማት ልጅ እንኳ እዚያ አልደረሰችም። እና ከመወሰናችሁ በፊት የልደት መዝጋቢውን ጠይቁ። አንድ ስልክ ነው።

ፓስፖርትን በተመለከተ። ፎቶው ባለበት ገጽ ግርጌ ላይ ማሽን የሚያነባቸው ሁለት መስመሮች አሉ። የሁሉም አገር ፓስፖርት የሚከተለው የዓለም አቀፉን ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ነው። እያንዳንዱ መስመር 44 ቦታ አለው፤ በመጀመሪያው መስመር ላይ ለስም የሚተርፈው 39 ነው። የቤተሰብ ስም ይቀድማል፣ ሌሎቹ ይከተላሉ። በቤተሰብ ስሙና በመጠሪያው መካከል ሁለት ቦታ፣ በተቀሩት ስሞች መካከል አንድ አንድ ቦታ ይባክናል። የልጅሽን ሙሉ ስም በላቲን ፊደል ጻፊና ቁጠሪው። ከ39 ካላለፈ ጭንቅ የለም። ካለፈም ፓስፖርት አይከለክልም፣ በዚያ መስመር ላይ ያጥራል እንጂ።

ከዚህ ጋር ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ይህ ደንብ «የመሃል ስም» የሚባል ለብቻው የተከለለ ቦታ የለውም። ስምን ለሁለት ብቻ ነው የሚከፍለው፤ የቤተሰብ ስም በአንድ በኩል፣ የተቀረው ሁሉ በሌላ በኩል። ስለዚህ አንድ ይሁን ሁለት የመሃል ስም፣ ፓስፖርቱ ከመጠሪያው ጋር አንድ ላይ ደርድሮ ያስቀምጠዋል። የአውሮፕላን ትኬት ላይ ስሞቿ ያለ ክፍተት ተጣብቀው ታትመው ብታዪም አትደንግጪ። ብዙ የትኬት ሥርዓቶች እንዲህ ነው የሚጽፉት። ትኬት ስትቆርጡ ግን በፓስፖርቱ ላይ ያለውን እያያችሁ ሙሉት።

አሜሪካ ከሆናችሁ የሶሻል ሴኩሪቲ (የማኅበራዊ ዋስትና) ካርድ መጠሪያንና የመሃል ስምን በአንድ መስመር ላይ ነው የሚያትመው፤ መስመሩ 26 ቦታ አለው። ረዥም ስሞች እዚያ ላይ ላይበቃቸው ይችላል። መሥሪያ ቤቱ የመሃል ስምን የሕጋዊ ስም አካል አድርጎ ስለማይቆጥረው ግን በዚህ የተነሳ መብት አይጓደልባትም።

እውነተኛው ጣጣ የሚመጣው ስሙ ሁለት በመሆኑ አይደለም። በየወረቀቱ ላይ ሲለያይ ነው። የልደት ወረቀቱ አራት ስም ይላል፣ ትምህርት ቤቱ ሁለት ጽፏል፣ የባንክ ደብተሩ የአንዱን ፊደል ብቻ ይዟል፣ ክሊኒኩ ሁለተኛውን የመሃል ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ መዝግቦታል። ልጅቷ 18 ዓመት ሲሞላት አንዷ ልጅ አራት ሰው ሆና ትገኛለች። ያኔ ቢሮ ለቢሮ መዞር ነው። ይህ አንድ የመሃል ስም ባላቸውም ላይ ይደርሳል፤ ሁለት ሲሆን ግን ዕድሉ ይሰፋል። መላው አሰልቺ ግን ቀላል ነው። ከልደት ወረቀቱ ላይ እያየሽ አንድ ዓይነት አጻጻፍ በሁሉም ቦታ ሙሊ። የፊደል አጻጻፉንም ከመጀመሪያው ወስኑ፤ በላቲን ሲጻፍ አንድ ስም ሦስት ዓይነት መልክ ሊኖረው ይችላል። በሁለቱ የመሃል ስሞች መካከል ሰረዝ ከማስገባታችሁ በፊትም አስቡበት፣ ሰረዝ ሲገባ ብዙ ቦታ እንደ አንድ ስም ነው የሚታዩት፣ አንዱን ለብቻው መጠቀም ይከብዳታል።

ለምን ለብቻው ትጠቀምበታለች ትዪኝ ይሆናል። ልጆች ያድጋሉ። ሰጥተናቸው የማይወዱት ስም ይኖራል፣ የወደዱት ደግሞ ከመሃል ይወጣል። ዘፋኟ ሪሃና መጠሪያ ስሟ ሮቢን ነው፤ ዓለም የሚያውቃት በመሃል ስሟ ነው። የፊልም ተዋናዩ ብራድ ፒትም ሙሉ ስሙ ዊሊያም ብራድሊ ፒት ነው። በ1936 እ.ኤ.አ. ዙፋኑን የለቀቁት የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ስምንተኛ ደግሞ ሰባት ስም ነበራቸው፤ ኤድዋርድ አልበርት ክርስቲያን ጆርጅ አንድሪው ፓትሪክ ዴቪድ። ቤተሰባቸው ሲጠራቸው የኖረው በመጨረሻው፣ በዴቪድ ነው። አንዳንድ አገሮች ይህንን በሕግ ያመቻቹታል። ፈረንሳይ ውስጥ በልደት መዝገብ ላይ ካሉት ስሞች የትኛውንም የዘወትር መጠሪያ ማድረግ ይቻላል። ጀርመን ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስሞችን ቅደም ተከተል ማስቀየር ፈቅዳለች። እና ሁለተኛው ስም ተደበቀ ብለሽ አትዘኚ። ልጅሽ በ20 ዓመቷ አውጥታ ልትለብሰው ትችላለች።

የባለቤትሽን እህት በተመለከተ ረዥም ነገር የለኝም። «ሁለት ከሆነ ሦስትስ?» ለሚለው መልሱ፣ ሁለቱ ስሞች የሁለት ሰዎች መሆናቸው ነው። ልጅቷን የሚያስተሳስሩት ከአንዲት አያትና እናትሽን ከተኩ አንዲት ሴት ጋር ነው። የእሷ ምርጫ ግን አንቺ እንደጻፍሽልኝ ምርጫ ብቻ ነው፤ ቆንጆ ስም ሊሆን ይችላል፣ የማንም መታሰቢያ ግን አልነገርሽኝም። ለሦስተኛ ሰው በር ከከፈታችሁ አራተኛው ደጅ ላይ ነው። ይህንን የሚነግራት ባለቤትሽ ይሁን፣ አንቺ አትሁኚ። የእሱ እህት ናት፣ የሞቱትም የእሷም እናት ናቸው። «የእማዬን ስም ሰጥተናታል፤ ስሙ ሞልቷል» ካላት ይበቃል። ከፈለገች በመረጠችው ስም በቁልምጫ ትጥራት። ቁልምጫ መዝገብ ቤት አይጠይቅም።

ወንድ ልጅሽ። የአምስት ዓመት ልጅ ስም አይቆጥርም፣ ፊት ነው የሚቆጥረው። አሁን የሚያስጨንቀው አዲሷ ልጅ ከመጣች በኋላ ማን እንደሚያጫውተው ነው። ሲያድግ ከጠየቀሽ ያለውን ንገሪው፤ እሷ ስትወለድ ሊታሰቡ የሚገባቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ አንተ ስትወለድ ደግሞ ይኼኛው ነበር። ለማመጣጠን ብለሽ ለእሱ ሁለተኛ ስም እንዳትጨምሪ። አሁን የአምስት ዓመት ወረቀት አለው፣ ያንን ሁሉ ማስተካከል ነው። በዚያ ላይ ለማመጣጠን የተጨመረ ስም ታሪክ የለውም፣ ልጁም ያውቅበታል። ይልቅ የእሱ የመሃል ስም ከየት እንደመጣ ነግረሽው ታውቂያለሽ? ካልነገርሽው አሁን ጊዜው ነው። እህቱ ከመወለዷ በፊት ስለ ራሱ ስም አንድ ታሪክ ይኑረው። ሙሉ ስሟን መጀመሪያ የሚሰማውና ለሰው የሚናገረው እሱ ቢሆን ደግሞ ቅናቱ ወደ ኩራት ይዞራል።

የመጨረሻው ጥያቄሽ አክስትሽ ናቸው። ባለቤትሽ ከልቡ እሺ ሳይል አትንገሪያቸው። ነግረሻቸው ሐሳብ ከተቀየረ የሚጎዱት እሳቸው ናቸው፣ የሚወቀሰው ደግሞ እሱ ይሆናል። ከተስማማችሁ በኋላ ግን እስከ ልደቱ የምትጠብቂበት ምክንያት አይታየኝም። እሱም ባለበት ንገሪያቸው፣ ቢቻል እሱ ራሱ ይንገራቸው። ስማቸው ሁለተኛ እንደሆነና የመጀመሪያው የማን እንደሆነም አብራችሁ ንገሯቸው፤ በኋላ ከወረቀት ላይ አንብበው እንዳያውቁት። የስማቸውን ፊደል እንዴት እንደሚጽፉትም ያን ዕለት ጠይቂያቸው፤ መዝጋቢው ዘንድ ስትሄጂ ያስፈልግሻል።